አምሮብሃል

ሰፈርተኛው «ቄንጠኛው» ነው የሚለው። በሥራ ቀን ሁሉ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ለብሶ ስለሚወጣ ስሙ ተለጥፎበት ቀረ። ኑሮውም በዚሁ ነው። ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን ለቃለ መጠይቅ በሚያዘጋጅ አንድ የሥልጠና ማዕከል ውስጥ ለወንዶቹ አለባበስ ያስተምራል። አንዱ አስተማሪ ማመልከቻ አጻጻፍ ያሳያል፣ ሌላዋ አነጋገር ታርማለች፣ እሱ ደግሞ ትናንት ከካናቴራ ያልወጣን ልጅ ዛሬ ኮት ውስጥ ያስገባል።

ትምህርቱ ደረቅ አይደለም። «የኮት ትከሻ ከራስህ ትከሻ አይለፍ፤ ካለፈ የአጎትህ መሆኑን ገና ከበር ያውቁታል» ይላል። «ከረባት ቀበቶ ላይ ደርሶ ይቁም፤ ከረዘመ ያወጣኸው ምላስ ነው የሚመስለው።» «ሽቶህ ካንተ ቀድሞ ቢሮ አይግባ።» «ስትገቡ ፊታችሁን ያያሉ፣ ስትወጡ ተረከዛችሁን፤ ጫማ ስትጠርጉ ዞር አድርጋችሁ ጥረጉ።» የተውሶ ልብስ የሚያሳፍረውን ልጅ ደግሞ እንዲህ ያጽናናዋል፦ «የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው ለወርቅ ነው። የሰው ኮት ስንቱን ሥራ አስይዟል! ብቻ ከመግባትህ በፊት ኪሱን ፈትሽ።» ወጣቶቹ እየሳቁ ይጽፋሉ፤ ከዚያም ብዙዎቹ ሄደው ሥራ ያገኛሉ። ቄንጠኛው በዚህ ይኮራል፤ ቢኮራም አይፈረድበትም።

አንድ ነገር ግን አለ። ይህ ሰው ቀለም አይለይም።

ጨርሶ አይለይም ማለት አይደለም። ነጩን ነጭ ይላል፤ ሰማያዊና ቢጫም አያታልሉትም። አረንጓዴና ቡናማ ግን ለእሱ መንትዮች ናቸው። ሮዝና ግራጫ አንድ ቤት ያደጉ ናቸው። ጠቆር ያለ ቀይማ ጥቁር ነኝ ቢለው ያምነዋል።

ይህን የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ታላቅ እህቱ። ልጆች ሳሉ ትምህርት ቤት ዛፍ ሣሉ ተባለና፣ ቅጠሉን ቡናማ ግንዱን አረንጓዴ አድርጎ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰበት። እያለቀሰ ቤት ሲገባ እህቱ ነበረች ያገኘችው። በማግስቱ በእያንዳንዱ እርሳስ ላይ የቀለሙን ስም ጻፈችለት፤ ከዚያም ለማንም እንዳይናገሩ ተማማሉ፤ ለእናታቸውም ጭምር። ካደጉም በኋላ ልብሱን የምትመርጥለት፣ የምታዛምድለት፣ ጠዋት ጠዋት ወንበር ላይ ደርድራ የምትጠብቀው እሷ ነበረች። የልብስ ፍቅሩ እርግጥ የራሱ ነው። ጨርቅ በጣቱ ዳስሶ ምን እንደሆነ ይናገራል፤ የተጣመመ ስፌት ከሩቅ ያየዋል። ቀለሙ ግን የእህቱ ነበር፤ ምስጋናው ደግሞ የእሱ።

እህቱ አግብታ ሌላ ከተማ ስትሄድ ዘዴ ትታለት ሄደች። በየልብሱ ገበር ውስጥ ክር ሰፍታ ቋጠረችበት። አንድ ቋጠሮ ጥቁር፣ ሁለት ጥቁር ሰማያዊ፣ ሦስት ቡናማ። በግራጫው ሸሚዝ አንገት ሥር አጭር ክር፣ በሮዙ ላይ ረጅም። ለእሷ ሠርግ የለበሰው ጥቁር አረንጓዴ ሱፍ ላይ ደግሞ እንደ ጅራት የሚንጠለጠል ክር አደረገችበትና፣ «ይህችን ጅራት ስትነካ እጅህን ሰብስብ» አለችው። ያለ ምክንያት አልነበረም። ቄንጠኛው የሠርጉን ሱፍ ቅድ ከመውደዱ የተነሳ እዚያው ልብስ ሰፊ ዘንድ ተመልሶ፣ በዚያው ቅድና በዚያው ዓይነት ጨርቅ ቡናማም አሰፍቶ ነበር። ሁለቱን ሱፎች ቀለም የሚያይ ሰው ብቻ ነው የሚለያቸው።

ዘዴው ሠራ። በእጁ እየዳሰሰ ለብሶ ይወጣል፣ አንድም ቀን አልተሳሳተም። ታዲያ ማን ያፈርሰዋል ቢባል፣ ከእናት በቀር ማን ይሆናል?

እናቱ በሆስፒታል የልብስ ንጽሕና ክፍል ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። የተጨማደደ አንሶላና የተንዘላዘለ ክር አይታ ማለፍ አትችልም፤ የማታውቀውን ሰው እንኳ መንገድ ላይ አስቁማ ከትከሻው ላይ ክር የምትለቅም ናት። የልጇ የኮንትራት ጊዜ ማለቁን፣ በማግስቱም ዳይሬክተሯ ራሷ ክፍል ገብታ ሲያስተምር አይታው ቋሚ ይሁን ወይ ይሸኝ ብላ እንደምትወስን ሰምታለች። ነገሩ ቀላል አልነበረም። ቄንጠኛው ከዚህ በፊት የኤሌክትሪክ ሙያ ሞክሮ፣ ሽቦ አገናኘሁ ብሎ የሙያ ትምህርት ቤቱን መብራት ድርግም አድርጎ የተባረረ ሰው ነው። የሚወደውም የሚያውቀውም ይህን ሥራ ብቻ ነው። እናትየው ታዲያ ልርዳው አለችና፣ እሱ በሌለበት ቁም ሣጥኑን ከፍታ ሁሉንም በካውያ ተኮሰች፤ ኮቱን ከኮት፣ ሱሪውን ከሱሪ ጋር ሰቀለች፤ በየገበሩ የተንዘላዘለውን ክር ደግሞ በመቀስ እየለቀመች ጣለችው።

ጠዋት ቄንጠኛው ገበሩ ውስጥ እጁን ሰደደ። ለስላሳ ነው። ሌላውን ዳሰሰ። እሱም ለስላሳ ነው። ክው አለ።

«እማዬ! እዚህ ውስጥ የነበረው ክርስ?»

«ቆረጥኩልህ!» አለች ከሳሎን፣ ድምጿ በደስታ ተሞልቶ። «አሁን ሰው እንዲህ ክር እያንዘላዘለ ሌላውን ልበስ ይላል? ያ ልብስ ሰፊህ ግን እንዴት ያለ ዝርክርክ ነው!»

ምን ይበላት? «እግዜር ይስጥልኝ» አለና በሩን ዘጋ።

እህቱ ነርስ ናት፤ ደወለላት፣ ስልኳ ዝግ ነው። ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብታለች ማለት ነው። ጥቁሩና ሰማያዊው ሱፍ ላውንደሪ ናቸው። መስኮቱን ከፍቶ የቀሩትን ሁለቱን ኮቶች በብርሃን አያቸው፤ ብርሃኑም አልረዳውም። ቢያንስ ነጭ ሸሚዝ አድርጎ ከሸሚዙ ጣጣ መገላገል ይችል ነበር። ግን ባለፈው ሳምንት ለዳይሬክተሯ «ነጭ ሸሚዝ መወሰን ያቃተው ሰው መጠለያ ነው» ብሎ ተራቅቆባት ነበርና ኩራቱ አልፈቀደለትም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ስለዚህ ቡናማ ነው ያለውን ኮት፣ ቡናማ ነው ያለውን ሱሪ፣ ግራጫ ነው ያለውን ሸሚዝ ለበሰና ወደ ሳሎን ወጣ።

እናቱ ቀና አለች። አፏ ተከፈተ። ከዚያ ተመልሶ ተዘጋ።

«አምሮብሃል ልጄ» አለች።

እፎይ አለ። መንገድ ላይ የሱቋ ባለቤት ስኳር እየመዘነች ነበር፤ ስታየው እጇ ባለበት ቆመና ስኳሩ ከሚዛኑ ላይ ፈሰሰ። «እንዴ፣ ቄንጠኛው! ዛሬስ... ዛሬስ አምሮብሃል!» አለችው። የማዕከሉ የጥበቃ ሠራተኛ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ «ዛሬስ ለብቻዎ ነው ጌታዬ» አለ። ከዳይሬክተሯ ጋር በር ላይ ተገጣጠሙና ከመነጽሯ በላይ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው፤ ትንሽ ቆማ «አምሮብሃል» አለችና በጥድፊያ ወደ ቢሮዋ ገባች።

እንግዲህ ሰው ሁሉ ይህን ካለ ማን ይጠራጠራል? እናት ለልጇ አድልታ ትዋሽ፤ ሰፈር ከነመሥሪያ ቤቱ ይዋሻል? ይዋሻል እንጂ! ግማሹ «እሱ ከለበሰው ዘመኑ እንዲህ ሆኖ ነው» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ ይሉኝታ ይዞት ምላሱን ይውጣል። ቄንጠኛው ግን ይህን አላሰበም። ክፍል ሲደርስ ደረቱ ተነፍቶ፣ በልቡም ዐይኔ ቀለም ለምዶልኛል መሰለኝ ማለት ጀምሮ ነበር።

ዳይሬክተሯ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ቄንጠኛው በየዙሩ የሚሠራው አንድ ጨዋታ አለው፦ ከልብሱ ላይ አንድ ነገር ሆን ብሎ ያበላሽና ሠልጣኞቹ እንዲያገኙት ያደርጋል። አንድ ጊዜ ቁልፍ ያዛንፋል፣ አንድ ጊዜ ኮሌታውን ይገለብጣል። ዛሬ የፋብሪካ ማርክ ነው ያመጣው፤ ያ ብዙ ጎረምሳ አዲስነቱ ይታወቅልኝ ብሎ ከኮቱ እጅጌ ላይ የማይፈታው ጨርቅ። ትናንት ሥልጠናው ሲያበቃ ለብቻው አስቀምጦት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ክፍሉ በር ላይ ቆም ብሎ በመርፌ ቁልፍ እጅጌው ላይ አያያዘው።

«ሆን ብዬ ያበላሸሁት አንድ ቦታ አለ» አለ መሐል ቆሞ። «በደንብ እዩኝና ንገሩኝ። አትፈሩ፤ ሥራ ቦታ የሚያዩዋችሁ ሰዎችም አይምሯችሁም።»

 አንዱ ጣሪያ ያያል፣ አንዱ ጫማውን። ከንፈሩን ነክሶ የሚንቀጠቀጥም አለ።

«እንዴ! ይህን የሚያህል ነገር አይታያችሁም?» አለና እጅጌውን ማወዛወዝ ጀመረ።

«መምህር» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ ከመሐል፣ «አንድ ቦታ ነው ያሉት?»

«አዎ፣ አንድ ቦታ።»

«ሁሉም ቦታ ነው እኮ!»

ሳቁ ያኔ ፈነዳ። «አረንጓዴ ኮት በቡናማ ሱሪ!» ይላል አንዱ። «ኧረ ሸሚዙ፣ ሮዝ ነው እኮ!» ይላል ሌላው። «መምህር፣ አትክልት ተራ አስመሰሉት!» ጠረጴዛ የሚደበድበው ደበደበ፣ ወንበር የወደቀበትም ነበር። እጅጌው ላይ ያለችውን ማርክ ያያት አንድም ሰው የለም።

ቄንጠኛው ጎንበስ ብሎ ኮቱንና ሸሚዙን አየ።  አረንጓዴ፣ ሮዝ። በዚህ ልብስ ነው ሰፈሩን አቋርጦ፣ ደረቱን ነፍቶ የመጣው። አለቀልኝ ብሎ ወደ ዳይሬክተሯ ሲያይ፣ መነጽሯን አውልቃ እንባዋን እየጠረገች ትስቃለች። ከዚያ ተነሥታ አጨበጨበች።

«እኔ ደግሞ ጠዋት ሳይህ ምን ነካው ብዬ ደንግጬ ነበር!» አለች። «ለካ ለትምህርቱ ነው! ሰው እንዲህ የራሱን ክብር ጥሎ ሲያስተምር አይቼ አላውቅም። ስማ፣ ቋሚነትህን ዛሬውኑ እፈርማለሁ።»

ጉድ እኮ ነው። ሰው ሊባረር ሲጠብቅ ሲሾም። ቄንጠኛው ትንፋሹን ሰበሰበና፣ ዐይኑን በጨው አጥቦ፣ «እንግዲህ ዋናው ነገር ማስተዋል ነው» አለ። ክፍሉም አጨበጨበለት።

ጭብጨባው ጋብ ሲል፣ ከጥግ አንድ ቀጭን ረጅም ወጣት ተነሣ። ከምሳ በኋላ ቃለ መጠይቅ ስላለው ከጠዋት ጀምሮ ለብሶ የመጣ ነው፤ ኮቱ የተውሶ ቢሆንም ትከሻው ልክ ነው። በሁለት እጁ ሁለት ከረባት ይዟል።

«መምህር፣ ከዚህ ሸሚዝ ጋር የትኛው ይሄዳል?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ቄንጠኛው የተዘጋጀ መልስ አለው። «አንተ ራስህ ምን ትላለህ?» ይላል። ልጁ የመሰለውን ሲናገር ጓደኞቹ ይከራከሩታል፤ ብዙው ወዳዘነበለበት እሱም አዘንብሎ «ትክክል» ይላል። ይህ እንደ ትልቅ የማስተማር ጥበብ ተቆጥሮለት ያውቃል። ዛሬም ይህንኑ አለ።

«ባውቅማ አልጠይቅም ነበር» አለ ረጅሙ። ድምፁ ቀልድ የለበትም። «ቤት የምጠይቀው ሰው የለኝም መምህር፤ ብቻዬን ነው የምኖረው። ዝም ብለው አንዱን ይንኩልኝ፤ የነኩትን አደርጋለሁ።»

ሁለቱን ከረባቶች ዘረጋለት። አንደኛው ለስላሳ ነው፣ ሌላው ሻከር ይላል። ቀለማቸው ለቄንጠኛው አንድ ነው። አንዱን ቢነካ ነገሩ ያልቃል፤ ፊርማውም ይፈረማል። ግን «የምጠይቀው ሰው የለኝም» የሚለው ቃል ሆዱን አባባው። እሱ እንኳ ዕድሜውን ሙሉ የሚጠይቃት ነበረችው። እሷ በሌለችበት በአንድ ጠዋት ምን ሆኖ እንደመጣ ደግሞ ይኸው ክፍሉ በሙሉ አይቶታል። ይህ ልጅ በእሱ ግምት እንዲህ ለብሶ ሰው ፊት ይቅረብ?

«አላውቅም» አለ።

«ምን አሉ?»

«የትኛው እንደሚሄድ አላውቅም። ቀለም አልለይም።» ከልጁ ወደ ክፍሉ ዞረ። «የዛሬውም ዘዴ አይደለም፤ ተሳስቼ ለብሼ ነው። ሆን ብዬ ያበላሸሁት ይቺን ብቻ ነው» ብሎ እጅጌው ላይ ያለችውን ማርክ አሳያቸው። «ቀለም ስትጠይቁኝ መልሼ እናንተን የምጠይቃችሁም ጥበብ ሆኖ አይደለም። ልብሴን የምትመርጥልኝ እህቴ ነበረች። እኔ የማውቀው ቅዱን፣ ስፌቱንና አስተሳሰሩን ነው።»

 ረጅሙ ልጅ አንዴ መምህሩን፣ አንዴ ከረባቶቹን አየ።

«እሺ መምህር» አለ ቀስ ብሎ፤ «ታዲያ የትኛውን ላድርግ?»

«የግራውን!» አለ ክፍሉ በአንድ አፍ።

«የቀኙን ለቤትህ መጋረጃ አድርገው!» ብሎ አንዱ ጨመረበት፤ ረጅሙም ሳቀ። ቄንጠኛው የግራውን ከረባት ተቀብሎ ኮሌታውን አነሣለት፤ አሰረለት፣ አጠበቀለት፣ ጫፉን ቀበቶው ላይ አሳረፈለት። እጁ ይህን ያለ ስህተት ያውቀዋል።

ዞር ሲል ዳይሬክተሯ አጠገቡ ቆማለች። ፊቷ ላይ ሳቅ የለም።

«ስለዚህ» አለች፣ «በየጠዋቱ ይህ ቀሚስ እንዴት ነው ስልህ፣ ልዩ ነው የምትለኝ?»

«ስፌቱን አይቼ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ስፌቱን!» አለች። ከኋላ የሆነ ልጅ ሳቁን ሊውጥ ሲል አነቀው። «እኔ ደግሞ አንተን አምኜ ያንን ቀሚስ ሁለተኛ በሌላ ቀለም አሰፋሁ!»

 ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔም ከአንተ አልሻልም። ጠዋት አይቼህ አምሮብሃል አልኩና ቢሮዬን ዘግቼ ሳቅኩ። አለቃህ ነኝ፤ ጠርቼ ልነግርህ ይገባ ነበር። ፊርማው እንዳለ ነው። ከእንግዲህ ግን የቀለሙን ክፍለ ጊዜ እኔ ነኝ የምገባው፤ አንተም ቁጭ ብለህ ትሰማለህ።» ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞራ፣ «እናንተም ብትሆኑ፣ ሰው ሲበላሽ ጣሪያ ማየት አቁሙ» አለቻቸው።

ቤት ሲገባ እናቱ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በሩን በሩን ታያለች። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሁሉንም ዘረገፈላት፤ የትምህርት ቤቱን ዛፍ፣ መሐላውን፣ ክሩን፣ የክፍሉን ሳቅ። እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ዐይንህን አውቃለሁ» አለች። «አባቴም እንዲሁ ነበር። አንተም ልጅ ሆነህ ቲማቲም ለቅመህ ና ስትባል፣ ያልበሰለውን ነበር ይዘህ የምትመጣው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እናንተ ደበቃችሁኛ! ሁለት ልጆች ተማምለው የያዙትን እናት ምን ብላ ታፍርሰው? አንድ ቀን ይነግሩኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እየጠበቅኩ አደጋችሁ። የክሩን ነገር እንኳ ባውቅ እጄ ይቆረጥ ነበር እንጂ አልነካውም።» ዐይኗ እንባ አቀረረ። «ጠዋትም አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብነግረው ማወቄን ያውቅብኛል ብዬ ዋጥኩት። የገዛ ልጄን አፈርኩና የሰው መሳቂያ አድርጌ ሰደድኩት።»

ቄንጠኛው አጠገቧ ተቀመጠ። አዘነ፣ ደግሞም ቀለለው፤ የትኛው እንደሚበልጥ ለራሱም አልታወቀውም። ጎንበስ ብሎ ጫማዎቹን አወለቀና እግሮቹን ወደ እሷ ዘረጋ። ዕድሜውን ሙሉ እናቱን ስለ ቀለም ጠይቋት አያውቅም።

«እማዬ» አለ፤ «ይህ ካልሲ ምን ቀለም ነው?»

እናቱ እንባዋን በእጇ ጠረገችና ጎንበስ ብላ አየችው። ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«አንዱ ቀይ ነው ልጄ» አለች። «አንዱ ደግሞ ጥቁር።»